ቢላዋው ይወደዳል፣ ሠሪውስ?

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ቢላዋ እሰበስባለሁ። ይህን ስናገር አንዳንድ ጓደኞቼ ከአጠገቤ ፈቀቅ ሲሉ አይቻለሁ። "ለምንህ ነው?" የሚለኝም አለ። ስለዚህ ከወዲሁ ላረጋጋችሁ፦ ቢላዎቼ ዶርም ውስጥ የሉም። ሁሉም ዱቦ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ፣ በአንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ከእኔ ጋር ያለው ደብተሩ ብቻ ነው። የዛሬው ጽሑፌም ከቢላዎቹ ይልቅ ስለዚያ ደብተር ነው ማለት ይቻላል፤ በደብተሩ ውስጥ ሳልጽፈው ስለቀረሁት ነገር።

ዱቦን ለማታውቁ፣ በወላይታ ዞን ቦሎሶ ሶሬ ውስጥ ከአረካ ከተማ አጠገብ የምትገኝ ቦታ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በካቶሊክ ሚሲዮኗና በሆስፒታሏ ነው። እኔ ግን ዱቦን የማስታውሳት በገበያዋ ነው። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ገበያ ስወጣ፣ እሷ ቅቤና በርበሬ ስትከራከር እኔ ዓይኔ የሚያርፈው መሬት ላይ ጆንያ አንጥፈው ቢላዋ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና የማረሻ ብረት የሚሸጡት ሰዎች ጋ ነበር። የብረቱ መዓት በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ግን እጄን እየጎተተች "ና ወዲህ፣ እዚያ አትቁም" ትለኛለች። ያኔ ቢላዋ እንዳይቆርጠኝ የፈራችልኝ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

መሰብሰብ የጀመርኩት በአንድ የመስቀል ሰሞን ነው። ወላይታ ውስጥ ጊፋታ ሲመጣ በሬ በቅርጫ ታርዶ ሥጋው በየቤቱ ይገባል። በዚያ ቀን በቤቱ ውስጥ ትልቁ ዕቃ ቢላዋ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ሰው በቴሌቪዥኑ ላይኮራ ይችላል፤ በቢላዋው ግን ይኮራል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ጫፉን በጥርሱ ይዞ ከከንፈሩ ፊት ለፊት በቢላዋ ሲቆርጥ አይታችኋል። የሰውየው አፍንጫ የሚተርፈው በእጁ ልምድና በስለቱ ጥራት ነው። የዶለዶመ ቢላዋ ስለሚያስገድድና ስለሚያንሸራትት ከተሳለው ይበልጥ አደገኛ ነው። አባቴ ታዲያ እጀታው ከቀንድ የተሠራ፣ በሞረድ ብዛት ስለቱ የጠበበ አንድ ቢላዋ አለው። ከአያቴ የወረሰው ነው። በዚያ የመስቀል ሰሞን ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ቢላዋውን ሲያደንቅ እኔ በየዋህነት "ማን ነው የሠራው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ አጎቴ ሳቀ። አባቴ "ማን ያውቃል፣ ከገበያ ነው" አለና ወሬ ቀየረ።

እንዴ! በሬው የማን እንደነበረ፣ በስንት እንደተገዛ፣ አባቱ ማን እንደነበር ሳይቀር ሲወራ ነበር እኮ። የቢላዋው ሠሪ ብቻ "ከገበያ" ሆነ። ይህ ነገር ከነከነኝ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወጣሁና የመጀመሪያዋን ቢላዋ ገዛሁ። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ዛሬ 11 ደርሰዋል። አራቱ ከዱቦ፣ ሦስቱ ከአረካ፣ ሁለቱ ከቦዲቲ፣ ሁለቱ ከሶዶ ገበያ የተገዙ ናቸው።

መሰብሰብ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ማወዳደር ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቢላዋ በደብተሬ ላይ አንድ አንድ ገጽ ሰጠሁት። ርዝመቱን በማስመሪያ፣ ክብደቱን በባለሱቁ ሚዛን፣ የጀርባውን ውፍረት ከአንድ ጋራዥ በተዋስኩት ካሊፐር ለካሁ። ትንሿ 180 ግራም፣ ትልቁ 420 ግራም ይመዝናል። ጥሩ የሚባሉት ቢላዎች ጀርባቸው እጀታው ጋ ወፈር ብሎ ወደ ጫፍ ሲሄድ እየሳሳ ይመጣል። ደካሞቹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት አላቸው። ይህን ልዩነት በዓይን ብቻ አታዩትም፤ በእጃችሁ ስትይዙት ግን ወዲያው ይታወቃችኋል። አንዱ እጅ ይሆናል፣ ሌላው ብረት ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ የብረቱ ነገር አለ። ዛሬ ማንም ባለእጅ ከአፈር ብረት አቅልጦ አያወጣም። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ለምሳሌ ዲሜዎች ብረት ከአፈር በማቅለጥ የታወቁ ነበሩ፤ ወላይታም ከ1887 ዓ.ም. በፊት የራሱ ንጉሥ በነበረው ዘመን ማርጩዋ የሚባል የብረት ገንዘብ ነበረው። አሁን ግን ቢላዋው የሚሠራው ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ፣ ከሕንፃ ፌሮ ቁራጭ ወይም ከተጣለ ሞረድ ነው። ከ11ዱ ቢላዎቼ ሰባቱ ባሌስትራ፣ ሦስቱ ፌሮ፣ አንዱ ሞረድ ናቸው።

ልዩነቱ ካርቦን ላይ ነው። የባሌስትራ ብረት ከመቶ ግማሽ እጅ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ካርቦን ስላለው፣ በእሳት ግሎ በውሃ ወይም በዘይት ሲነከር ይጠነክራል። ፌሮ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ አነስተኛ በመሆኑ የፈለጋችሁትን ያህል ውሃ ብታጠጡት ስለት አይዝም፤ ሁለት ሰው በልቶበት ይዶለዱማል። ሞረድ ደግሞ ካርቦኑ ብዙ ነው፤ እንደ ምላጭ ይሳላል፣ ነገር ግን በጥንቃቄ ካልተለሳለሰ አጥንት ሲነካ ይሰበራል። ባለእጁ ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት አልተማረውም። ብረቱን በከሰል እሳት ላይ አድርጎ፣ ወናፉን እያስነፋ፣ ቀለሙን ያያል። ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ብረት ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ የማጠንከሪያው ሙቀት ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ባለእጁ ማግኔትም ቴርሞሜትርም የለውም። "የበሰለ ቲማቲም ሲመስል" ብሎኛል አንዱ። ከዚያም ካጠነከረው በኋላ መልሶ ትንሽ ያሞቀዋል፤ ብረቱ ላይ የገለባ ቀለም ሲመጣ ያቆማል። ያ ቀለም ከ200 ዲግሪ ትንሽ በላይ ማለት ነው። የማቴሪያል ሳይንስ መምህር በሁለት ሳምንት የሚያስተምረውን እሱ በዓይኑ ጨርሶታል።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ስለ ቢላዋ የሚያወሩ ጽሑፎችን ሳገላብጥ ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንድ ስም ነበር፦ ኩክሪ። የኔፓል ቢላዋ ነው። ወደ ፊት የጎበጠ፣ ከጫፉ ወገን ከበድ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ነው። ከእንግሊዞች ጋር ከ1814 እስከ 1816 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጦርነት የጎርካ ወታደሮች በዚህ ቢላዋ ስማቸው ተጠርቶ፣ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሲቀጠሩ ኩክሪውም አብሯቸው ዓለምን ዞረ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ኩክሪ የሚሰበስቡ፣ የሚመዝኑ፣ የሚያወዳድሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የእጅ ሥራ የሆነውን ከማሽን ሥራ፣ ለጦር የተሠራውን ለቱሪስት ከተሠራው ይለያሉ።

እኔም ከሩቅ ሆኜ ከእኛው ጋር አወዳደርኩት። ኩክሪ ለመምታትና ለመቁረጥ የተሠራ ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሆነ ክንዱን ያግዘዋል። በዚህ ረገድ ከእኛ ገጀራ ጋር ይቀራረባል። የወላይታ የሥጋ ቢላዋ ግን ለመሸልቀቅ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ክብደቱ ወደ እጅ ያዘነበለ። ኩክሪው ከእጀታው አጠገብ በስለቱ ላይ ትንሽ ጥርብ አለው። አንዳንዱ ደም ወደ እጀታ እንዳይወርድ ነው ይላል፣ ሌላው የላም ኮቴ ምልክት ነው ይላል። በአፎቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ትናንሽ ልጆች አሉት፤ አንዷ ለቀላል ሥራ የምትሆን ትንሽ ቢላዋ፣ ሌላዋ ስለት የሌላት መሞረጃ። የእኛ ሰው ሞረዱን ከጎረቤት ሲዋስ የኔፓሉ ሰው ከአፎቱ ይመዛል። ይህችን ነገር ወድጃታለሁ፣ ብንኮርጃት ምንም አይለን።

ይበልጥ የገረመኝ ግን አሠራሩ ነው። የኔፓል ባለእጆችም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት የአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ቢላዋውን ሲያጠነክሩ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ አይነክሩትም፤ የጋለውን ብረት ይዘው ከማንቆርቆሪያ ውሃ በስለቱ ላይ ብቻ ያፈሳሉ። ስለቱ ይጠነክራል፣ ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ይቆርጣል እንጂ አይሰበርም። ሂማላያ ሥር ያለ ሰውና ዱቦ ያለ ሰው ሳይተዋወቁ በአንድ የመኪና ብረት ላይ ይሠራሉ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ከቢላዋ ያለፈው። ኩክሪን የሚሠሩት ሰዎች እነማን ናቸው? ካሚ የሚባሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቢሽዎካርማ በሚል ስም ይጠራሉ። በኔፓል በ1854 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ ሕግ ሰውን ሁሉ በደረጃ ሲመድብ ካሚዎችን ከማይነኩት ወገን አስቀመጣቸው። ከእጃቸው ውሃ አይጠጣም፣ ከላይኛው ወገን ቤት አይገቡም። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲስ ሕግ ያንን ደረጃ ሻረ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማግለል ራሱ የሚያስቀጣ ወንጀል እንዲሆን ተደረገ። አንድ አገር በአንድ ጉዳይ ደጋግሞ ሕግ የሚያወጣው መቼ ነው? የመጀመሪያው ሕግ ሥር ያልሰደደ እንደሆነ ነው። ደሳይን የሚባለው ትልቁ በዓላቸው የሚውለው ከእኛ መስከረምና ጥቅምት ጋር ገጥሞ ነው፤ በዚያ በዓል እንስሳ የሚታረደው በኩክሪ ነው። ቢላዋው በበዓሉ መሐል ቤት ይገባል። የሠራው ሰው ግን ውጭ ቀርቶ ኖሯል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። የኔፓል ታሪክ መስሎ አልታየኝም። የእናቴን እጅ አስታወሰኝ፤ "እዚያ አትቁም" የምትለውን።

ለሌላ አካባቢ ልጆች ላብራራ። በወላይታ በዱሮው ሥርዓት ብረት የሚቀጠቅጡት ወጋቼ፣ ቆዳ የሚያለፉት ደጌላ፣ ሸክላ የሚሠሩት ጪናሻ ይባላሉ። አራሹ ወገን ከእነሱ ጋር አይጋባም፣ በአንድ ገበታ አይበላም። ይህ የወላይታ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍልም ብረት ሠሪው "ቀጥቃጭ"፣ "ጠይብ"፣ "ቡዳ" ሲባል ኖሯል። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በአዘጋጁትና በ2001 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል በታተመው መጽሐፍ ውስጥ የደቡብ ኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያዎች መገለል በየብሔረሰቡ ተዘርዝሮ ይገኛል። ፈልጋችሁ ብታነቡት ጥሩ ነው።

እኛም አገር ሕጉ ሳይወጣ ቀርቶ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለእጁም እንደማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ በማኅበራዊ አመጣጥም ልዩነት እንደማይደረግ ይደነግጋል። ቤተ ክርስቲያኖቹም በአንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጠውናል። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን አዋጅ በር ላይ ይደርሳል እንጂ ገበታ ላይ አይደርስም። ገበታው የእኛ ነው።

አሁን ወደ ደብተሬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት አገር ቤት በገባሁበት ጊዜ ከቢላዎቼ ውስጥ ሦስቱን፣ ምርጦቹን፣ የሠሩትን ሽማግሌ ፈልጌ አገኘኋቸው። ከገበያው የግማሽ ሰዓት መንገድ ይሆናል። ጎጇቸው አጠገብ ትንሽ ዳስ አለች፤ ወናፍ፣ ጉጠት፣ ሁለት መዶሻ፣ መቀጥቀጫ ብረት፣ ከጎማ የተቆረጠ የውሃ ገንዳ። ሌላ ነገር የለም። ቢላዎቹን ሳሳያቸው አንድ በአንድ አንስተው በጥፍራቸው መታ መታ እያደረጉ ድምፃቸውን ሰሙ። "ይቺ ጥሩ ናት። ይቺ ትንሽ ቸኩዬባታለሁ" አሉ። ከዚያ ደብተሩን አዩና "ምንድን ነው የጻፍከው? አንብብልኝ እስቲ ልጄ" አሉኝ።

እኔም በኩራት አነበብኩላቸው። "ቁጥር 4። ዱቦ ገበያ። ጠቅላላ ርዝመት 31 ሳንቲ ሜትር። ክብደት 260 ግራም። ብረት፣ ባሌስትራ። እጀታ፣ የበሬ ቀንድ። ስለት፣ በጣም ጥሩ።" አዳምጠው ሲጨርሱ ጥቂት ዝም አሉና "የበሬውን ቀንድ እንኳ ጽፈኸዋል" አሉኝ።

ሌላ ምንም አልተናገሩም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ስጽፍ አንድም ቦታ "ሠሪ" የሚል መስመር አላስመርኩም። አባቴን "ከገበያ ነው" ስላለኝ የታዘብኩት ሰውዬ፣ በደብተሬ ላይ የጻፍኩት ያንኑ ነው፦ "ዱቦ ገበያ"። የውጭዎቹ የኩክሪ ሰብሳቢዎችም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው፤ ዘመኑን፣ ክብደቱን፣ የጥርቡን ቅርጽ ይጽፋሉ። ሾተላችንም በውጭ ሙዚየሞች ሲቀመጥ የሚነገርለት አገሩና ዘመኑ ነው። ብረት ቀጥቃጩ የሌለበት የብረት ታሪክ!

ወዲያው እስክሪብቶ አወጣሁና "አባባ፣ አሁን ስምዎን ልጻፍ?" አልኳቸው። ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ደብተሩ ላይ ጫኑ። "ተው፣ አትጻፍ። ልጄ ኮሌጅ ናት" አሉኝ።

ልጃቸው ለክፍል ጓደኞቿ አባቴ ነጋዴ ነው ብላለች። ዋሸች አልላችሁም፤ ገበያ ወጥተው የሚሸጡ ሰው ናቸውና። ነገር ግን ስማቸው ከቢላዋ ጋር ታትሞ ቢወጣ አንድ የአካባቢው ልጅ ያነበዋል፣ ለሌላው ይነግራል፣ ከዚያ የምትወደው ልጅ ቤተሰቦች ይሰማሉ። "እሷ ትጨርስ፣ ከዚያ የፈለግኸውን ጻፍ" አሉኝ። እስክሪብቶዬን መለስኩ። ለዚህም ነው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስማቸውን የማታገኙት። የት ኮሌጅ እንዳለችም አልናገርም። ነገር ግን እያንዳንዳችን ክፍላችን ውስጥ ስንቀመጥ ከጎናችን ያለችው ልጅ እሷ ልትሆን እንደምትችል እናስብ። በካፌ ሰልፍ ላይ ቀልድ መስሎን "ቀጥቃጭ"፣ "ፋቂ" እያልን ስንሳሳቅ ከኋላችን ቆማ ልትሰማን ትችላለች።

ከዚያ ቡና መጣ። ባለቤታቸው ስኒውን አቀረቡልኝና ሁለቱም ዝም ብለው ተመለከቱኝ። ያቺን ዝምታ አልረሳትም። የሚጠብቁት ስለ ቡናው ጣዕም የምሰጠውን አስተያየት አልነበረም። ጠጣሁ። ሁለተኛም ጠጣሁ። ይህን የምጽፈው ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም፤ ቡና መጠጣት ምን ጀግንነት አለው? ጀግንነት መምሰሉ ራሱ ነው ችግሩ። ቤት ስመለስ አያቴ ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ "እዚያ ቤት አፍህን አብስሰሃል?" የሚል ነበር። አዎ ስላት ዝም ብላ እሳቱን ቆሰቆሰች።

ስወጣ ሽማግሌውን "ለመስቀል እኛ ቤት ይምጡ" ብያቸው ነበር። ሳቁ። "ልጄ፣ በራፍ ላይ ቆሜ ድርሻዬን ተቀብዬ መመለሱን እችልበታለሁ። እሱን ግን እዚሁ ሆኜም አገኘዋለሁ። አባትህ ይጥሩኝ፣ ከዚያ እመጣለሁ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግብዣው የእኔ አልነበረም፤ የቤቱ ባለቤት አባቴ ነው። አባቴን ገና አልጠየቅሁትም። ለመጪው መስከረም ቃል ገብቻለሁ፣ እዚህም ስጽፈው ወደ ኋላ እንዳልል ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን ላንሳ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳጫውተው "አንተ ደግሞ ታካብዳለህ። የቻይና ቢላዋ ገበያውን ሞልቶት የለ እንዴ? ከአሥር ዓመት በኋላ ቀጥቃጭ የሚባል ስለማይኖር ንቀቱም አብሮ ይጠፋል" አለኝ። ይህ አባባል ሁለት ስሕተት አለው። አንደኛ፣ ሙያው ቢጠፋም ንቀቱ በዘር ሐረግ ላይ ስለተተከለ አይጠፋም። የሽማግሌው ልጅ መዶሻ ይዛ አታውቅም፤ ትምህርቷን ጨርሳ ዶክተር ብትሆንም ለጋብቻ ስትታጭ "የማን ልጅ ናት?" መባሉ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ንቀት የሚድነው ዕውቀት እየሞተ ከሆነ ኪሳራው የሁላችንም ነው። የሚናቅ ሙያን ልጅ አይወርሰውም፤ ዕውቀቱም ከአባቱ ጋር ይቀበራል። ከዚያ በኋላ በፋብሪካ ስለት ላይ ጥሬ ገንዘብ እየከፈልን "ለምን ኢንዱስትሪ የለንም?" ብለን ሴሚናር እናዘጋጃለን።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል። "ስም ማውጣት ራሱ ማጋለጥ ነው፤ ተዋቸው" የሚል ነው። ሽማግሌውም ይህንኑ ነው ያሉኝ። እዚህ ላይ አቋሜ እንዲህ ነው፦ ስም መጻፍ የባለቤቱ ፈቃድ ነው፣ መጠየቅ ግን የእኛ ግዴታ ነው። "ሠሪው፣ ስማቸው እንዲገለጽ አልፈለጉም" ብሎ መጻፍና ጭራሽ ሳይጠይቁ "ዱቦ ገበያ" ብሎ ማለፍ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰው መኖሩን ይመሰክራል። ሁለተኛው ቢላዋው ከመሬት የበቀለ ያስመስለዋል። ቢላዋ ደግሞ አይበቅልም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባል የለ?

እንግዲህ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ሐሳብ አለኝ። የመጀመሪያው፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ገጠር ወጥተን የእጅ ሥራ ዕቃ ስንሰበስብ ከርዝመትና ከክብደት በፊት "ሠሪው ማን ነው? ስማቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል ወይ?" የሚል መስመር በቅጹ ላይ ይግባ። ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው።

ሁለተኛው፣ ፈቃደኛ የሆኑ ባለእጆች በስለቱ ላይ የራሳቸውን ምልክት እንዲያሳርፉ እናበረታታ። አንዳንድ የኔፓል ሠሪዎች ይህን ያደርጋሉ። ስም መሆን የለበትም፤ አንድ ጭረት፣ አንድ ነጥብ ይበቃል። የሚያውቀው ያውቀዋል፣ ጥሩ ሠሪም ከመጥፎው ይለያል። ያኔ ገዢው "ከባሌስትራ የተሠራች፣ የእንትና ምልክት ያለባት" ብሎ መርጦ ይገዛል፤ ፌሮውን ባሌስትራ ነው ብሎ የሚሸጥልንም አደብ ይገዛል።

ሦስተኛው፣ በየዓመቱ ለተማሪዎች የሙያ ቀን ሲዘጋጅ መሐንዲስና ነጋዴ ብቻ አንጋብዝ። አንድ ባለእጅ ወናፉን ይዞ ይምጣና ብረት በዓይን ቀለም እንዴት እንደሚበስል ያሳየን። ሲጨርስም ከመምህራኑ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ምሳ ይብላ። በእኔ ግምት ትምህርቱ ያለው ከማሳያው ይልቅ በምሳው ነው።

የኔን ድርሻ ደግሞ ጀምሬያለሁ። ከደብተሬ ላይ በ11ዱም ገጾች "ሠሪ" የሚል መስመር አስምሬያለሁ። እስካሁን ሁለቱ ባለእጆች "ጻፍ" ብለውኝ ስማቸውን ጽፌያለሁ፤ ደብተሩ ግን ከእኔ እጅ አይወጣም። ቁጥር 4 እና ሁለቱ እህቶቿ ላይ "ልጃቸው ስትመረቅ" ብዬ ጽፌ አቆይቻለሁ። ቀሪዎቹን የሠሯቸውን ገና እየፈለግኋቸው ነው። የአባቴን ቢላዋ የሠራው ሰው ግን ከሞተ ቆይቷል መሰለኝ፣ ማንም አያውቀውም። እዚያች ገጽ ላይ ምን እንደምጽፍ ጨንቆኛል።

ሐሳብ ያላችሁ፣ የምትቃወሙኝም ጭምር፣ በሚቀጥለው ዕትም ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ቤታችሁ ያለውን ቢላዋ ማን እንደሠራው የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።